ከጤግሮስ ዳር እስከ ሊንከንሻየር፦ የአገር በቀል አሳማዎች የዘር ታሪክ

ለኢትዮጵያ አንባቢ አሳማ ከማዕድም ከግቢም የራቀ እንስሳ ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሃይማኖቱ ሥርዓት ስለማይበላው፣ ከየት መጣ፣ ማን አረባው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ እንስሳ የዘር ታሪክ ግን ላምና በግ፣ ፍየልና ዶሮ የሚያረባን ሕዝብ ሁሉ ይመለከታል። ሰው ማዳቀሉ፣ መምረጡ፣ ማጥፋቱና ዘግይቶ መጸጸቱ በአሳማ ላይ የታየውን ያህል በግልጽ የታየበት እንስሳ ብዙ አይደለምና። አሳማ ለአሥር ሺህ ዓመታት ሲደባለቅ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን በጫካም ሆነ በድሃ ገበሬ ደጅ ሰው የሚመለስበት ሌላ ዘር ተርፎ ይቆይ ነበር። ያን መመለሻ ያጠበበው ሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንዴት እንደጠበበ በቅደም ተከተል እንየው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ሱስ ስክሮፋ ብሎ የሰየመው የዱር አሳማ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከደሴቶቹ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተስፋፋ። ቻይናንና የቱርክን ተራሮች አልፎ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስና እስከ ሰሜን አፍሪካ ዘለቀ። ኢትዮጵያ ግን አልደረሰም። በቆላችን የሚሮጠው ከርከሮና በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚኖረው ትልቁ የጫካ አሳማ የሩቅ ዘመዶቹ እንጂ የቤት አሳማ አባቶች አይደሉም። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የምሥራቁና የምዕራቡ የዱር አሳማ ተለያዩ። የበረዶ ዘመናት እየመጡ ቁጥራቸውን አመናመኑት፤ እያንዳንዱ ወገንም በየአገሩ አየር፣ በየአገሩ ምግብና በሽታ ተቀርጾ ቀረ። ዛሬ በአሳማ ዘር ውስጥ የሚታየው ብዝኃነት ዋና ምንጩ ይህ የአንድ ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ነው።

ሰው ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዛሬ 10,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ በላይኛው ጤግሮስ ተፋሰስ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ቻዮኑ የምትባል የጥንት መንደር አለች። ሃሌት ቻምበልና ሮበርት ብሬድዉድ ከ1964 ጀምሮ በመሩት ቁፋሮ ብዙ የአሳማ አጥንት ወጥቶባታል። ተመራማሪዎች የመንጋጋ ጥርሶቹን ከታችኛው የአፈር ንብርብር እስከ ላይኛው ሲለኩ፣ በሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ እያነሱ መሄዳቸውን አዩ። አንድ ቀን ተይዞ የታሰረ አውሬ ምልክት አይደለም ይህ። የዱር አሳማው የመንደሩን ትርፍራፊ ሊለቃቅም መጣ፤ ሰው አልባረረውም፤ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ መንጋው የመንደሩ ሆነ። ከዚያ ዘግየት ብሎ በሌላኛው የዓለም ጫፍ፣ በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር ጂያሁ በምትባል መንደር፣ ከ8,600 ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች የራሳቸውን አገር የዱር አሳማ አላምደው ነበር። ሁለቱ መንደሮች አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም ነበር። አሳማ ስለዚህ ሁለት የትውልድ አገር አለው።

ከዛሬ 8,000 ዓመታት ገደማ በፊት የአናቶሊያ ገበሬዎች ስንዴያቸውን፣ በጎቻቸውንና አሳሞቻቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ የቤት አሳሞች እንግዲህ የምሥራቅ ልጆች ነበሩ። አውሮፓ ግን ባዶ ጫካ አልነበረችም፤ የራሷ የዱር አሳማ በየደኑ ይርመሰመስባት ነበር። ገበሬው አሳማውን እንደ በግ በእረኛ ፊት አላቆመውም። ቀን ቀን ወደ ጫካ እየለቀቀ ሥርና ፍሬ ያስበላው ነበር። በጫካው የዱሩ ወንድ ከመንደሩ እንስት ጋር ተገናኘ። ግልገሎቹ ወደ መንደር ተመለሱ፤ እንደገናም ተዳቀሉ። በሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ውስጥ ከአናቶሊያ የመጣው ደም ተሟጥጦ አለቀ ማለት ይቻላል። በ2019 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከጥንትና ከዛሬ አሳሞች የተወሰዱ 2,099 ናሙናዎችን መርምሮ፣ በዛሬው የአውሮፓ አሳማ ውስጥ የቀረው የአናቶሊያ ቅርስ ከመቶ 4 እጅ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ከዚያች ጥቂት ቅርስ ውስጥ ሰዎች ሳይጥሉ ያቆዩት አንድ ነገር የጥቁርና የጥቁር ነጠብጣብ ቀለም ዘረመል ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ የዚህ ምዕራፍ ውጤት ነው። የአውሮፓ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰውን መንጋ አንድም ቀን ሳይለውጥ፣ በየዓመቱ ግልገል እያሳደገ፣ እንስሳው በሙሉ ተለውጦ አገኘው። በግቢው የቆመው አሳማ ከጤግሮስ ከመጣው ይልቅ ለጫካው ጎረቤቱ የሚቀርብ ሆነ። ዛሬ ንጹሕ ዘር እያልን የምንከራከርለት ነገር ከሥሩ ድብልቅ ነው።

ለውጡም በአውሮፓ አልቆመም። በነሐስና በብረት ዘመን መርከቦችና ስደተኞች የአውሮፓን አሳማ መልሰው ወደ ምሥራቅ ወሰዱት፤ በአናቶሊያም የጥንቱን ዘር እየተካ ሄደ። በ2013 ይፋ የሆነ ምርምር በእስራኤል ምድር የዛሬዎቹ የዱር አሳሞች ሳይቀሩ የአውሮፓ ዘር እንዳላቸው ገልጾ፣ መግቢያቸውን ፍልስጥኤማውያንና ሌሎች የባሕር ሕዝቦች በዳርቻው ከሰፈሩበት ዘመን ጋር አያይዞታል። በወንጌል በጌርጌሴኖን አገር ከገደል ወደ ባሕር የሮጡት እሪያዎችም ቅድመ አያቶቻቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን በአብዛኛው የጫካ ዘመን ነው። በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ አገሩን ባስቆጠረበት መዝገብ የብዙ ቦታዎች ደን የተለካው ሊቀልበው በሚችለው የአሳማ ቁጥር ነበር። መካከለኛው ዘመን ያሳደገው አሳማ ረጅም እግር፣ ቀጭን ጀርባና ሻካራ ጠጉር ያለው፣ ለመድለብ ሁለት ዓመት የሚፈልግ፣ ብርዱንና ረሃቡን ግን የሚችል እንስሳ ነበር።

ጫካው ሲመነጠርና ከተሞች ሲያድጉ ግን ይህ አሳማ አልበቃም አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከካንቶን ሻይና ሸክላ የሚያመጡ የእንግሊዝ መርከቦች ቻይናዊ አሳማም ይዘው መምጣት ጀመሩ። ቻይናዊው አጭር፣ ወፍራም፣ ቶሎ የሚደልብ፣ ብዙ ግልገል የሚወልድና በግቢ ውስጥ በትርፍራፊ የሚያድግ ነበር። እንግሊዛውያን አርቢዎች ከአገራቸው አሳማ ጋር አዳቀሉት። የአንድ ሚሊዮን ዓመቱ ልዩነት በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኘ። የዘመኑ የማራባት ጥበብ ደግሞ ሌስተርሻየር ውስጥ በዲሽሊ ይኖር የነበረው ሮበርት ቤክዌል (1725–1795) ያስፋፋው ነበር፦ የሚፈለገውን ጠባይ የያዙ የቅርብ ዘመዳሞችን እርስ በርስ ማዳቀልና ጠባዩን ማጽናት። ቤክዌል የታወቀው በበጎቹ ቢሆንም በአሳማም ሞክሮታል።

ከዚህ የተወለዱት ዓለምን የያዙት ዘመናዊ ዝርያዎች ናቸው። በ1851 በዊንዘር በተካሄደው የንጉሣዊው የግብርና ማኅበር ትርኢት፣ የዮርክሻየሯ ኪትሊ ሸማኔ ጆሴፍ ቱሊ ያቀረባቸው ግዙፍ ነጫጭ አሳሞች የተመልካቹን ዓይን ያዙ፤ ላርጅ ዋይት የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በዓለም ትላልቅ እርባታዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ዝርያ በስም ካወጡት ሰዎች አንዱ ባለርስት ሳይሆን ሸማኔ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ቻርለስ ዳርዊን በ1868 ስለ ቤት እንስሳት ለውጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጀርመናዊውን የሄርማን ፎን ናቱሲየስን የራስ ቅል ጥናት ተከትሎ፣ የቤት አሳማ ከሁለት የተለያዩ ወገኖች እንደመጣ ጻፈ። ዘረመል ሳይታወቅ፣ አጥንት በማየት ብቻ የደረሱበት ነገር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ።

በመካከለኛው አውሮፓ ሌላ ዓይነት ማዳቀል ተካሂዷል። በ1833 የሰርቢያው መስፍን ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ለሃብስበርጉ አርክዱክ ዮሴፍ የሹማዲያ አሳሞች ሰጠው። እነርሱ ባኮኒና ሳሎንታ ከሚባሉት የአካባቢው አሳሞች ጋር ሲዳቀሉ ማንጋሊሳ ተገኘ፤ እንደ በግ የተጠቀለለ ጠጉር ያለው፣ ሥጋው በስብ የተሞላ። ስቡ ለምግብ ማብሰያም ለመብራትም ለሳሙናም በሚፈለግበት ዘመን ማንጋሊሳ የኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ሀብት ነበር። በስፔንና በፖርቱጋል ደግሞ የኢቤሪያው ጥቁር አሳማ በኦክ ዛፍ ግጦሾች ውስጥ የወደቀ ፍሬ እየለቀመ፣ የቻይና ደም ሳይነካው በአሮጌው መንገድ ቀጠለ።

በ1884 እንግሊዞች የአሳማ አርቢዎች ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው የዘር መዝገብ ከፈቱ። መዝገቡ ጥራትን ጠበቀ፤ ነገር ግን በሩን ዘጋ። ከዚያ በፊት ገበሬው ከጎረቤት ወንድ አሳማ ያስጠቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመዝገብ ያልተጻፈ ደም ወደ ውስጥ አይገባም። በ1887 ጀርመን የዴንማርክ የቁም አሳማ እንዳይገባ ስትከለክል፣ ዴንማርካውያን ፊታቸውን ወደ እንግሊዝ የቁርስ ማዕድ አዞሩ። በዚያው ዓመት በሆርሰንስ የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ ቄራ ከፈቱ፤ ረጅም ወገብና ቀጭን ስብ ያለውን ላንድሬስም በመንግሥት ጣቢያ እየመዘኑ አሻሻሉት። ዴንማርክ የእርባታ አሳማዋን ለውጭ አገር አትሸጥም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአትክልት ዘይት ረከሰ፤ ከተሜው በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሆነ፤ ስብ ተጠላ። እንግሊዝ በ1949 ላንድሬስን ከስዊድን አስገባች። በ1955 ደግሞ በሰር ሃሮልድ ሃዊት የሚመራ የመንግሥት አማካሪ ኮሚቴ ስለ አገሪቱ የአሳማ እርባታ ዘገባ አወጣ። የዘገባው ምክር ቀላልና ጠንካራ ነበር፦ የዝርያ ብዛት ኢንዱስትሪውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ገበሬው በሦስት ዝርያዎች ላይ ያተኩር፤ እነርሱም ላርጅ ዋይት፣ ላንድሬስና ዌልሽ ናቸው። ኮሚቴው ክፉ አላሰበም። ሕዝቡ ከጦርነቱ የምግብ ራሽን የወጣው ገና በቀደመው ዓመት ነበር፤ ርካሽና ወጥ የሆነ ሥጋ ማቅረብ የዘመኑ ግዴታ ነበር። ምክሩ ግን ከሚሊዮን ዓመታት ልዩነትና ከሺህ ዓመታት እርባታ የተረፈውን ነገር እንደ ትርፍ ዕቃ ቆጠረው።

ውጤቱ በፍጥነት መጣ። የከምበርላንድ አሳማ በ1960 ግድም ጠፋ። የዶርሴት ጎልድ ቲፕ፣ የዮርክሻየር ሰማያዊና ነጭ፣ የአልስተር ነጭ አሳማ ተከታትለው አለቁ። ኤሴክስና ዌሴክስ የሚባሉት ሁለት ባለ ነጭ መቀነት ዝርያዎች ለየብቻ መቆም ስላቃታቸው በ1967 ተዋሕደው አንድ ሆኑ።

ከሁሉ ልብ የሚነካው የሊንከንሻየሩ ባለ ጥቅል ጠጉር አሳማ ነው። ነጭ፣ ትልቅ፣ ረጋ ያለ፣ ከምሥራቅ እንግሊዝ ረግረግ የሚነሣውን ብርድና እርጥበት በወፍራም ጠጉሩ የሚከላከል እንስሳ ነበር። የእርሻ ሠራተኛው በጓሮው አንድ ያሳድግና ለክረምት ያርደዋል፤ ወፍራም ስቡ በመስክ ለሚደክም ሰው ጉልበት ነበር። ወደ ሃንጋሪና ኦስትሪያም ተልኮ ከማንጋሊሳ ጋር ተዳቅሏል። በ1972 የመጨረሻዎቹ ታረዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ በብሪታንያ የብርቅዬ ዝርያዎች መጠበቂያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አንድም የቤት እንስሳት ዝርያ አላጣችም። ለሊንከንሻየሩ አሳማ አንድ ዓመት ዘገየ። አንድ ዓመት! ጥቂት እንስቶችና ሁለት ሦስት ወንዶች በአንድ በረት ቢቆዩ ኖሮ ይበቃ ነበር።

በስፔን አደጋው በበሽታ መጣ። ሞንትጎመሪ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1921 በኬንያ የገለጸው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በ1957 ሊዝበን ገባ፤ በ1960 ተመልሶ መጣና በመላው የኢቤሪያ ምድር ተሠራጨ። ስፔን ከበሽታው ነጻ የሆነችው በ1995 ነው። መስክ ላይ የሚውለው የኢቤሪያ አሳማ ከሁሉ በላይ ተጎዳ፤ የስቡ ዋጋም በዚያው ዘመን ወድቆ ነበር። ብዙዎቹ ጥንታዊ ቤተሰቦች ጠፉ። በቶሌዶ አውራጃ ኦሮፔሳ የሚገኝ የመንግሥት እርሻ ግን ጓድየርባስ የሚባለውን ጥቁር ዘር ከ1944 ጀምሮ ከሌላ ሳይቀላቅል አቆየ። የዝግ መንጋ ዋጋ ከባድ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ ግልገሉ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ቢሆንም ያ መንጋ ለተመራማሪዎች የጥንቱን የኢቤሪያ አሳማ ዘረመል የሚያነቡበት በር ሆነላቸው።

የተመረጡት ጥቂት ዝርያዎች ዓለምን ሲሞሉ ጉድለታቸውም አብሮ ሞላ። ጡንቻቸው የፈረጠመ አሳሞች በጭነት መኪና ላይ ከድንጋጤ የተነሣ ይሞቱ ጀመር፤ ሥጋቸው ገርጥቶ ውኃ ይተፋ ነበር። በ1991 ካናዳውያን ተመራማሪዎች ምክንያቱን በአንድ ዘረመል ላይ በደረሰ የአንድ ፊደል ለውጥ ውስጥ አገኙት። ለውጡ በአምስት ዝርያዎች ውስጥ ያው አንዱ ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት ይመስላል። ጠባብ ዘር የሚከተለው አደጋ ይህ ነው፦ የአንዱ በሽታ የሁሉም ይሆናል።

ኢንዱስትሪው መፍትሔ ሲፈልግ የሄደው ወደ ተናቁት ነው። የአውሮፓ እናት አሳማ በአንድ ጊዜ አሥር ግድም በምትወልድበት ዘመን፣ በቻይና ታይሁ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት፣ ፊታቸው የተጨማደደና ጆሯቸው የተንጠለጠለ የሜይሻን አሳሞች አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ይወልዱ ነበር። ፈረንሳይ በ1979፣ ብሪታንያ በ1987፣ አሜሪካ በ1989 አስመጧቸው። ቻይናዊው የመንደር አሳማ ለሁለተኛ ጊዜ ምዕራቡን ሊያግዝ ተጠራ። ማንጋሊሳም በዚያው ሰሞን ከገደል አፋፍ ተመለሰ። በ1991 በሃንጋሪ የቀሩት ከ200 አይበልጡም ነበር። ፔተር ቶት የተባለ ሃንጋሪያዊ የእንስሳት ዘር ባለሙያ ከአንድ የስፔን የሐም (የደረቀ የአሳማ ጭን ሥጋ) አምራች ጋር ተባብሮ ወደ ቄራ ሊሄዱ የነበሩትን ሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ወደ አሥር ሺዎች አደገ። በከተሜው የተጠላው ስብ ለደረቅ ሐም ተወዳጅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ሳይንሱ ተራውን ያዘ። በ2000 የስዊድን ተመራማሪዎች የአውሮፓና የእስያ አሳማ በየአገሩ ለብቻው እንደተላመደ በዲ ኤን ኤ አሳዩ፤ ዳርዊንና ናቱሲየስ አልተሳሳቱም። በ2012 ዱሮክ የሚባለው አሜሪካዊ ዝርያ አንዲት እናት አሳማ ሙሉ የዘረመል ካርታ ታተመ። በዘመናዊው የአውሮፓ አሳማ ውስጥ ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ የሚጠጋው ዘረመል ከእስያ የመጣ መሆኑም ታወቀ። በአንጻሩ በካታሎኒያው የሞንትሶሪዩ ቤተ መንግሥት ቆፋሪዎች ያገኙት የ16ኛው ክፍለ ዘመን አሳማ ዲ ኤን ኤ ሲነበብ አንዳች የእስያ ምልክት አልታየበትም፤ የዛሬው የኢቤሪያ አሳማ የቅርብ ዘመዱ ነው። በአፍሪካም ቢሆን የአህጉሩ ምሥራቅ አሳሞች የሩቅ ምሥራቅ ደም እንዳላቸው፣ የምዕራቡ ደግሞ ወደ አውሮፓ እንደሚያዘነብሉ ተረጋግጧል፤ የሕንድ ውቅያኖስና የአትላንቲክ ንግድ በየእንስሳው ደም ተጽፏል። በ2018 የአፍሪካው ትኩሳት ቻይና ሲገባ ሚሊዮኖች አሳሞች አለቁ፤ ከ80 በላይ የአገሬው ዝርያዎቿን የማቆየቱ ሥራ በአንድ ጊዜ አስቸኳይ ሆነ። ያ ቫይረስ በእኛም አገር አለ፤ በ2017 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ አሳማ እርባታዎች የተገኘውን ዓይነት ቀድሞ ያልታወቀ፣ 23ኛው ብሎ መዝግቦታል።

ጉዳዩ ወደ እኛ በረት የሚደርሰው በዚህ ብቻ አይደለም። በቤንች ሸኮ ምድር የሚኖረው፣ ሻኛው እምብዛም የማይታየው ትንሹ የሸኮ ከብት ጸጸ ዝንብ የሚያስተላልፈውን ገንዲ የመቋቋም ችሎታ አለው። ገበሬው ግን ከደጋ ከብት ጋር እያዳቀለው ቁጥሩ ተመናምኗል። ስለዚህ የእንስሳት ዘር ጉዳይ በእጃቸው ላለ ባለሙያዎች፣ ለክልሉ ግብርና ቢሮና ለሸኮ አርቢዎች የምለው ይህ ነው፦ የሸኮ ኮርማዎችን ዛሬ ቁጠሩ፣ ለይታችሁ አቆዩ፣ አባላዘራቸውን አስቀምጡ፣ ኮርማ ላቆየ ገበሬም ዋጋውን ክፈሉ። ሊንከንሻየር አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው ያጣው።